ጣዖት ምንድን ነው?

ጣዖት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የድንጋይ ምስል ነው። ወይም ቅቤ የተቀባ ዛፍ። ስለዚህ «እኔን አይመለከተኝም» ብለን እናልፈዋለን። በዐቢይ ጾም፣ በዚያ በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ጋቢ ተከናንበን ለኪዳን ጸሎት ስንወጣ፣ ጣዖቱ ኪሳችን ውስጥ ሆኖ አብሮን ሊወጣ ይችላል።

ጣዖት በልባችን የእግዚአብሔርን ቦታ የያዘ ማንኛውም ነገር ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ መጎምጀትን ራሱን ጣዖት ማምለክ ብሎታል። መጎምጀት ደግሞ ምስል የለውም።

የከተማችን ቆርቋሪ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም ነበር። ደስክና ዲኖ የተባሉትን ጣዖታት ሕዝቡ እንዲክድ አዘዙ። የመስቀል ምልክት በልብስና በጦር መሣሪያ ላይ ሳይቀር እንዲደረግ አስደረጉ። ዛሬም መስቀል አላጣንም። አንገታችን ላይ አለ፤ ባጃጁ መስታወት ላይ አለ፤ ስልካችን ስክሪን ላይ አለ። ግን ስክሪኑ ሲበራ መስቀሉን ማን ልብ ይለዋል? ጣታችን ወዲያው ወደ ቲክቶክ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠኝ የናሱ እባብ ታሪክ ነው። ኒቆዲሞስ በሚባለው በጾሙ 7ኛ ሳምንት፣ ጌታ ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለውን እባብ አንሥቶ ስለ ስቅለቱ ሲናገር እንሰማለን (ዮሐ. 3፥14)። ያ እባብ የመስቀሉ ምሳሌ ነበር። በእባብ የተነደፈ ሁሉ እያየው ይድን ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን እስራኤላውያን ዕጣን ያጥኑለት ጀመር፤ ንጉሥ ሕዝቅያስም ሰባበረው (2ኛ ነገ. 18፥4)። እግዚአብሔር ራሱ ያሠራው ነገር እንኳ ጣዖት ሆነ! እንግዲህ ጣዖት የግድ ክፉ ነገር አይደለም። እንጀራ የምንበላበት ሥራ ሊሆን ይችላል። ልጆቻችን ሊሆኑ ይችላሉ። መዝሙር የምንሰማበት ስልክም እንደዚያው። ጾሙ ራሱ እንኳ፣ «እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው» እያልን የምንኮራበት ከሆነ።

«ልጄ፣ ጠዋት ስትነቃ እጅህ መጀመሪያ የሚፈልገው ምኑን ነው?» አሉኝ የንስሐ አባቴ። ዝም አልኩ። ለካ የማማትበው ስልኬን ካየሁ በኋላ ነበር።

በዚህ ጾም ስልኩን ማታ ማታ ሳሎን ትቼው ነው የምተኛው። ሲነጋ እጄ የትራሱን ሥር ይዳብሳል፤ ምንም የለም። ያኔ አማትባለሁ።