ፓድማካር ሺቫልካር፦ ብሔራዊ ማሊያ ያልደረሰው ግራኝ

ፓድማካር ሺቫልካር የሙምባይ ክሪኬት ተጫዋች፣ በኋላም አሰልጣኝ ነበር። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚያው ናቸው)። ሥራው ቦውለርነት ነው። ክሪኬት ለማያውቅ ሰው፣ ቦውለር ማለት ኳሱን እየወረወረ ባትስማኑን፣ ማለትም ኳሱን በዱላ የሚመታውን ተጫዋች፣ ከጨዋታ ለማስወጣት የሚታገለው ነው። አንድ ሰው ባስወጣ ቁጥር አንድ ዊኬት ይቆጠርለታል።

ሺቫልካር ግራኝ ስፒነር ነበር። በፍጥነት አያስፈራም። ኳሱን በጣቶቹ አሹሮ ይለቃታል፤ ያሰበበት ቦታ ላይ ያሳርፋታል፤ ደጋግሞም እዚያው። በ124 የአንደኛ ደረጃ (በርካታ ቀናት የሚፈጁ ከፍተኛ) ግጥሚያዎች 589 ዊኬት ወስዷል። ለአንድ ዊኬት በአማካይ የተቆጠረበት 19.69 ራን፣ ማለትም ነጥብ፣ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቦውለሩ የተሻለ ነው። ይህ የምርጦች ቁጥር ነው።

ግን ለህንድ አንድም ቴስት፣ ማለትም በአገሮች መካከል የሚደረገውን ትልቁን የክሪኬት ግጥሚያ፣ አልተጫወተም!

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። በዚያው ዘመን ቢሻን ሲንግ ቤዲ ነበር። እሱም ግራኝ፣ እሱም ስፒነር። ከ1966 እስከ 1979 ለህንድ ተሰልፎ 266 ዊኬት ወስዷል። አጠገቡ ደግሞ ሌሎቹ ስፒነሮች ፕራሳና፣ ቻንድራሴካርና ቬንካታራጋቫን አሉ። እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ ሁለተኛ ግራኝ ስፒነር የት ይገባል? ሌላው ግራኝ ስፒነር፣ የሃሪያናው ራጂንደር ጎኤልም፣ የህንድ ክፍላተ ሀገራት በሚፋለሙበት ትልቁ የአገር ውስጥ ውድድር፣ በራንጂ ዋንጫ፣ 637 ዊኬት ወስዶ ዕጣው ያው ሆነ። መራጮቹን መውቀስ ቀላል ነው፤ ቤዲን አስወጥቶ ሌላ ማስገባት ግን ማን ይደፍር ነበር?

ስሙን ያስጠራው ጨዋታ የ1972/73 የራንጂ ፍጻሜ ነው። ቦምቤይ፣ የዛሬዋ ሙምባይ፣ ያን ጊዜ 14 ዓመት በተከታታይ ዋንጫውን ይዛለች። ፍጻሜው በማድራስ፣ በዛሬዋ ቼናይ፣ ከታሚል ናዱ ጋር ሆነ። የባለሜዳዎቹ አምበል ራሱ ቬንካታራጋቫን ነው። ሜዳው ለስፒን ይመቻል፤ ቦምቤይ በመጀመሪያው ዙር 151 ራን ላይ ቆመች። ከዚያ ሺቫልካር ገባ። 16 ራን ብቻ ተቆጥሮበት 8 ሰው አስወጣ፤ ታሚል ናዱ በ80 አለቀ። በሁለተኛው ዙርም በ18 ራን 5 ጨመረ፤ ባለሜዳዎቹ በ61 ተጠናቀቁ። 13 ሰው በ34 ራን! አስራ አምስተኛው ዋንጫም ሙምባይ ገባ።

ከሜዳ ተሰናብቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ በ1987/88 ተመልሶ ተጫውቷል። ዕድሜው 47 ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ ማሰልጠን ነው። የሙምባይን ቡድን በዋና አሰልጣኝነት መርቷል፤ በሺቫጂ ፓርክም ታዳጊዎችን አሰልጥኗል። ሺቫጂ ፓርክ ሳቺን ቴንዱልካርን ጨምሮ ብዙ የሙምባይ ኮከቦች ያደጉበት ሜዳ ነው። የህንድ ክሪኬት ቦርድ በ2017 የሲ. ኬ. ናዩዱ የሕይወት ዘመን ሽልማትን ለሺቫልካርና ለጎኤል አንድ ላይ ሰጠ። ሺቫልካር በማርች 2025 በ84 ዓመቱ ሙምባይ ውስጥ አረፈ።