ክፍት የትምህርት ግብዓት ምንድን ነው? የሰው ሥራስ ይገባበታል?

አራት ኪሎ አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱ ጋ ጎራ ብትል ሃንድአውት በሽበሽ ነው፤ ቴሌግራም ላይ ደግሞ ይኸው ሃንድአውት በነጻ ይለቀቃል። ታዲያ ብዙ ሰው በነጻ ያገኘውን ሁሉ ክፍት ነው ይላል። አይደለም።

ክፍት የትምህርት ግብዓት ማለት ማንም ወስዶ እንዲያባዛው፣ እንዲያሻሽለው፣ እንዲተረጉመውና መልሶ እንዲያሰራጨው ባለቤቱ አስቀድሞ የፈቀደው የማስተማሪያ ሥራ ነው። ስያሜው በ2002 እ.ኤ.አ. ከዩኔስኮ መድረክ የወጣ ነው። ፈቃዱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ነው፤ ይህም ባለቤቱ ሥራው እንዴት እንዲወሰድ እንደፈቀደ የሚያሳውቅባቸው ተዘጋጅተው የተቀመጡ የፈቃድ ዓይነቶች ናቸው።

ጣጣው የሚጀምረው የሌላ ሰው ሥራ ስትጨምርበት ነው። «ምንጩን ጠቅሻለሁ እኮ!» ይላል ሁሉም። ጥሩ፣ ግን ምንጭ መጥቀስ ፈቃድ አይሆንም። የኛው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለጥቅስና ለማስተማር በር ይከፍታል፤ ከታተመ ሥራ ላይ ለዓላማው የሚበቃህን ያህል፣ በአግባቡ፣ ምንጩንና የደራሲውን ስም ጠቅሰህ ትወስዳለህ። ክፍል ውስጥ ይህ ያስኬድሃል። ክፍት ግብዓት ግን ክፍል ውስጥ አይቀርም፤ ጅማ ያለ መምህር ይተረጉመዋል፣ ሌላው አሳትሞ ሊሸጠው ይችላል፣ ያኔ አንተ ለማስተማሪያ ብቻ የወሰድከውን የመጽሐፍ ሥዕል ለእነሱ አሳልፈህ የመስጠት መብት የለህም።

እና ምን ይሻላል? መጀመሪያ፣ የግድ ያስፈልግሃል ወይ? የቅጂ መብት ሐሳብንና መረጃን አይጠብቅም። የልብን አሠራር በራስህ አባባል ጻፈው፣ ሥዕሉንም ራስህ ሣለው፤ ባያምርም ያንተ ነው። የአዋጅ ጽሑፍም ራሱ ጥበቃ ስለሌለው የሕግ መምህራን እፎይ በሉ።

ካልሆነ ክፍት ፈቃድ ያለው ፈልግ፣ ግን ፈቃዱን አንብበው። «አይቀየርም» የሚል ከሆነ ወደ አማርኛ ተርጉመህ ማሰራጨት አትችልም፣ ትርጉምም መቀየር ነውና። «ለንግድ አይውልም» የሚል ካለበት ሞጁሉን ስትሸጥ ችግር ነው። የዊኪፔዲያን ጽሑፍ አሻሽለህ ካወጣህ ደግሞ ያንተም በዚያው ዓይነት ፈቃድ መውጣት አለበት።

ጥብቅ መብት ያለው ሥዕል የግድ ከሆነብህ ባለቤቱን በጽሑፍ አስፈቅድና ከሥሩ «ይህ ሥዕል በመጽሐፉ ክፍት ፈቃድ አይሸፈንም» ብለህ ጻፍ። ብዙ ሰው የሚዘላት ይህችን መስመር ነው።

አጠቃቀሱ ቀላል ነው፤ የሥራው ርዕስ፣ የሠራው ሰው፣ የተገኘበት አድራሻ፣ የፈቃዱ ዓይነት፣ የቀየርከው ካለም እሱ። «ምንጭ፦ ጎግል» ብሎ ነገር የለም፤ ጎግል አፈላልጎ አሳየህ እንጂ አልሣለውም! ይህን ሁሉ መጨረሻ ገጽ ላይ ከምታከማቸው እዚያው ሥዕሉ ሥር አድርገው፣ ምክንያቱም ተማሪው ያችን አንድ ገጽ ብቻ ፎቶ አንስቶ ነው ግሩፕ ላይ የሚለቃት።