በሰው ሠራሽ አስተውሎት መኮረጅ ምንድን ነው?

የሌላ ሰው ሥራ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ተማሪ ኮረጀ ይባላል። ጽሑፉን ያዘጋጀው እንደ ቻትጂፒቲ ያለ ፕሮግራም ሲሆንስ? ብዙዎች “ይህ ይፈቀዳል፣ ያ ይከለከላል” የሚል ዝርዝር ይፈልጋሉ፤ ዝርዝሩ ግን ዓመት ሳይሞላው ያረጃል። እኔ የምጠይቀው መምህሩ ነጥብ የሚሰጠው ለየትኛው ችሎታ እንደሆነ ነው። ያንን ችሎታ ፕሮግራሙ ተክቶ ከሠራና ተማሪው ይህን ከደበቀ፣ ኩረጃ ነው።

አንድ ተማሪ ሐሳቡን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ጽፎ ፕሮግራሙ ወደ እንግሊዝኛ መለሰለት እንበል። ሥራው የባዮሎጂ ሙከራ ዘገባ ከሆነ የሚመዘነው ምልከታውና ትንታኔው ነው፤ መምህሩ ከፈቀደና ተማሪው ካሳወቀ ችግር የለውም። የእንግሊዝኛ ድርሰት ከሆነ ግን የሚመዘነው ራሱ ቋንቋው ነውና ፈተናውን ሌላ ተፈተነለት ማለት ነው።

የፊደል ግድፈት ማሳረም ማንንም አያጣላም፤ ያልገባን ትምህርት እንዲያብራራ መጠየቅም እንዲሁ። የሚያዳልጠው “አንቀጼን አሳምርልኝ” የሚለው ነው። ፕሮግራሙ ቃላት አሳምሮ አያቆምም፤ ያልነበረ ምክንያት ይጨምራል፣ የላላውን ክርክር ያጠብቃል። ተማሪው “ይህን ለምን አልህ?” ሲባል መልስ ካጣ ሐሳቡ የእርሱ አይደለም።

ማጣቀሻ ላይ ነገሩ ይብሳል። ፕሮግራሞቹ የጸሐፊ ስም፣ የመጽሔት ቅጽና የገጽ ቁጥር አሟልተው በዓለም ላይ የሌለ ጥናት ሊጠቅሱ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ዮርክ፣ ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የፍርድ ውሳኔዎች ለፍርድ ቤት ያቀረቡ ሁለት ጠበቆችና ድርጅታቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ያላነበቡትን መጥቀስ ድሮም ነውር ነበር፤ የሌለን ምንጭ መጥቀስ ማስረጃ መፈብረክ ነው።

መምህራንም ጽሑፍ በማሽን መጻፉን እለያለሁ በሚል መለያ ሶፍትዌር ብቻ ተማሪ ባይከስሱ ይሻላል። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕን ኤአይ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ያወጣው መለያ፣ በራሱ በኩባንያው ሙከራ፣ በማሽን ከተጻፉት ጽሑፎች ለይቶ ያወቀው 26 በመቶውን ብቻ ነበር፤ ሰዎች ከጻፏቸውም 9 በመቶውን የማሽን ብሏቸዋል። ሐምሌ ላይ አገልግሎቱ ተቋረጠ። ረቂቅ አይቶ ተማሪውን ፊት ለፊት ማናገር የበለጠ ያስረዳል። ተማሪም ረቂቆቹን አያጥፋ፤ ሥራውን ሲያስረክብም ፕሮግራሙን የት እንደተጠቀመበት በአንድ መስመር ይጻፍ፦ “የሦስተኛውን ክፍል ሰዋስው በቻትጂፒቲ አሳርሜአለሁ፤ ትንታኔው የራሴ ነው።”