«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም»፦ የተጠሩ ፍጡራንን ስለ መጋለብ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ጨዋታችን ለ40 ደቂቃ ያህል ቆመ። ምክንያቱ ጉጉት ነው። ስምንት ጉጉት።

ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ለማያውቅ፦ ጠረጴዛ ከበው፣ እያንዳንዱ የአንድ ገጸ ባህሪ ሚና ይዞ፣ ዳይስ እየጣሉ የሚጫወቱት የጀብድ ጨዋታ ነው። አንዱ «ዲኤም» ይሆናል። ዓለሙንና ጠላቶቹን የሚመራው እሱ ነው፤ ጭቅጭቅ ሲነሳም ይዳኛል። ጨዋታው መጀመሪያ የታተመው አሜሪካ ውስጥ በ1974 ነው። እኛ የምንጫወተው አምስተኛውን እትም ሲሆን፣ ደንቡ የ2014ቱ ነው። በ2024 የታደሰ ደንብ ወጥቷል። ልዩነት ያለበት ቦታ ስደርስ እናገራለሁ።

የዚያን ቀን ድሩይዳችን፣ ማለትም የዱርና የአራዊት ድግምተኛችን፣ «ኮንጁር አኒማልስ» በሚባለው ድግምት ስምንት ግዙፍ ጉጉቶች ጠራች። ሁላችንም ተፈናጠጥን። ከዚያ ጥያቄው ዘነበ። ጉጉቱን የሚያዘው ማነው? እኔ ስመታ እሱም ይመታል? ከላይ ብንወድቅስ? ሁሉም እርግጠኛ ነበር፤ ሁሉም ደግሞ የተለያየ ነገር ነበር የሚያወራው። ቤት ገብቼ ደንቡን እንደገና ሳነብ ግማሹ ስህተት የራሴ ሆኖ አገኘሁት።

«የጠራሁትን ሁሉ መጋለብ እችላለሁ»

አይቻልም። ደንቡ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ፍጡሩ ፈቃደኛ መሆን አለበት። ሰውነቱ ለመቀመጥ መመቸት አለበት። ከጋላቢው ደግሞ ቢያንስ በአንድ የመጠን ደረጃ መብለጥ አለበት። ሰው «ሚዲየም» (መካከለኛ) ነው፤ ስለዚህ «ላርጅ» (ትልቅ) የሆነ ፍጡር ያስፈልገዋል። ሃፍሊንግና ኖም የሚባሉት ድንክ ዘሮች «ስሞል» (ትንሽ) ስለሆኑ ተኩላ ላይ ቢወጡ ችግር የለውም። ሰው በተኩላ ሲጋልብ ግን ሥዕል ላይ ያምራል እንጂ ደንቡ አይፈቅድም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው በ«ሰመን ቢስት» ነው። በ2020 በወጣ ተጨማሪ መጽሐፍ የመጣ ድግምት ነው፤ ክንፍ ያለው አውሬም ይጠራል። ሰዉ ይህን ሲያይ «በቃ አውሮፕላን አገኘን» ይላል። አውሬው ግን ስሞል ነው። ሃፍሊንግ እንኳ አይወጣበትም፤ እኩያው ነዋ! በዚያው መጽሐፍ ያሉት «ሰመን ሴለስቲያል» እና «ሰመን ፊንድ» የሚጠሯቸው ግን ላርጅ ናቸው።

ግዙፍ ጉጉትም ላርጅ ነው። እዚህ ላይ ድሩይዳችን አልተሳሳተችም።

«የምፈልገውን እንስሳ መርጬ እጠራለሁ»

በ2014ቱ «ኮንጁር አኒማልስ» ጠሪው የሚመርጠው ብዛቱንና የጥንካሬ ደረጃውን ነው። አንድ ጠንካራ፣ ወይም ሁለት መለስተኛ፣ ወይም አራት፣ ወይም ስምንት ደካማ። ስምንቱ ምን ዓይነት እንስሳ እንደሚሆኑ የሚወስነው ዲኤሙ እንደሆነ የጨዋታው አዘጋጆች ከጊዜ በኋላ አብራርተዋል። የኛ ዲኤም ደግ ስለሆነ ጉጉት ሰጠን። ስምንት ፍየል ቢሰጠንም ማንም «ለምን?» ሊለው አይችልም ነበር።

በ2024ቱ ደንብ ይህ ሁሉ ክርክር የለም። ድግምቱ ተለውጧል። አሁን የሚመጣው የማይጨበጥ የመንፈስ መንጋ ነው። የማይጨበጥ ነገር ላይ ደግሞ አይወጣም።

«እኔ ስመታ የምጋልበውም ይመታል»

ዋናው ጭቅጭቅ እዚህ ነው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንል የለ? የደንቡ ጸሐፊዎች አማርኛ የሚያውቁ ይመስል ቃል በቃል ይህንኑ ጽፈውታል። ግን ለአንድ ዓይነት ተጋላቢ ብቻ ነው።

ደንቡ ተጋላቢን በሁለት ይከፍላል። የመጀመሪያው በጋላቢው ቁጥጥር ሥር ያለ ነው። እንደ ፈረስና አህያ ሰው ለመሸከም የተገራ እንስሳ ማለት ነው። የሚንቀሳቀስበት ተራ፣ ማለትም «ኢኒሺየቲቩ»፣ ከጋላቢው ጋር አንድ ይሆናል። በታዘዘበት ይሄዳል። ከዚያ ውጭ የተፈቀዱለት ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ «ዳሽ» ብሎ ተጨማሪ መሮጥ፣ «ዲስኤንጌጅ» ብሎ ሳይመታ ከጠላት መላቀቅ፣ «ዶጅ» ብሎ ምት መሸሽ። ንክሻ የለም። ርግጫ የለም።

ሁለተኛው ራሱን የቻለ ተጋላቢ ነው። ይሸከማል፤ ልጓም ግን አይቀበልም። የራሱን ተራ እንደያዘ ይቆያል። ይናከሳል፣ ይቧጭራል፣ ከባሰበትም ጋላቢውን ይዞ ይሸሻል። እንደ ድራጎን ያሉ አስተዋይ ፍጡራን እንደዚህ ናቸው ይላል ደንቡ።

ታዲያ የተጠራ ጉጉት ከየትኛው ነው? ድግምቱ ለጋላቢ መገራቱን የትም አይናገርም። ግዙፍ ጉጉት ደግሞ የማሰብ ችሎታው፣ ማለትም «ኢንተለጀንሱ»፣ 8 ነው፤ ሰዎች የሚናገሩትን «ኮመን» የተባለውን ቋንቋ ይሰማል። ድግምቱም ለተጠሩት በቡድን የራሳቸው ኢኒሺየቲቭ ይጣልላቸው ይላል። ስለዚህ በኔ ፍርድ ራሱን የቻለ ነው። ሌላ ዲኤም ሌላ ሊፈርድ ይችላል፤ አልጣላውም።

ራሱን የቻለ መሆኑ ጥሩ ይመስላል፤ ይዋጋላችኋልና። ጉዱ ያለው ተራው ላይ ነው። በኢኒሺየቲቭ ቁጥር (ትልቁ ይቀድማል) ጉጉቶቹ 17 ላይ ነበሩ፣ ጠላታችን ኦርኩ 12 ላይ፣ እኔ 9 ላይ። ጉጉቴ በተራዋ ኦርኩ አጠገብ አደረሰችኝ። በ12 ኦርኩ ተነስቶ ሄደ። በ9 የኔ ተራ ሲደርስ ሰይፌን መዝዤ ባዶ አየር ላይ ቀረሁ። የተገራ ፈረስ ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስብኝም ነበር።

«ጀርባው ላይ ያለ ሁሉ ያዝዘዋል»

እኔ ሙሉ ጨዋታውን ጉጉቴን «በዚህ ሂጅ! ውረጂ!» ስላት አመሸሁ። ለካ ከንቱ ጩኸት ነው። የተጠሩት እንስሳት የሚታዘዙት ለጠራቸው ሰው ነው። ድሩይዳችን በቃል ታዛለች፤ በተራዋ የምታደርገውን ድርጊትም አያባክንባትም። ካላዘዘቻቸው ራሳቸውን ይከላከላሉ እንጂ ሌላ ነገር አያደርጉም። ስለዚህ ሾፌሯ እሷ ናት፤ እኛ ተሳፋሪዎች ነን።

«የፓላዲን ፈረስም ያው ነው»

ፓላዲን፣ ማለትም በመሐላ የታሰረ ቅዱስ ተዋጊ፣ በ«ፋይንድ ስቲድ» ድግምት የሚጠራው ፈረስ የተለየ ነው። መንፈስ ነው፤ ከጌታው ጋር በሐሳብ ይግባባል፤ ሰዓቱ አልቆ የሚጠፋ አይደለም። በ2014ቱ ደንብ ኢንተለጀንሱ ከ6 አያንስም። «አስተዋይ ከሆነ ራሱን የቻለ ነው» የሚሉና «ፈረስ ከሆነ የተገራ ነው» የሚሉ ተጫዋቾች ለአሥር ዓመት ተከራክረዋል። ሁለቱም የሚይዙት ነገር ነበራቸው።

የ2024ቱ ደንብ ነገሩን ቆረጠው። ፓላዲኑ ላዩ ላይ እስካለ ድረስ ፈረሱ በቁጥጥር ሥር ያለ ተጋላቢ ነው፤ ተራቸውም አንድ ነው። ፓላዲኑ ራሱን ስቶ ምንም ማድረግ ካቃተው ግን ፈረሱ ራሱን ችሎ ጌታውን ይጠብቃል። ይህን ድንጋጌ ወድጄዋለሁ። ድሮ 10 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ጥሪም አሁን አንድ ድርጊት ብቻ ነው። በአራተኛ ደረጃ የድግምት ኃይል ከተጠራ ደግሞ ፈረሱ ይበራል።

«ጠንካራ ነኝ፣ ብወድቅም አልሞትም»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

«ኮንጁር አኒማልስ» የሚቆየው ጠሪዋ ትኩረቷን ሳትለቅ ከቆየች ነው፤ በጨዋታው ቋንቋ «ኮንሰንትሬሽን» ይባላል። በተመታች ቁጥር ዳይስ ትጥላለች። ማለፍ ያለባት ቁጥር 10 ወይም የጉዳቷ ግማሽ ነው፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ይያዛል። የዚያን ማታ ድሩይዳችን ራሷ ጉጉት ላይ፣ ከሁላችን ፊት ነበረች። አንድ ቀስት 24 ጉዳት አደረሰባት። ግማሹ 12 ነው። ዳይሱ ላይ የወጣው ከተጨማሪዋ ጋር ተደምሮ 9። ስምንቱም ጉጉቶች በአንዴ ጠፉ።

ከመሬት 60 ጫማ ላይ ነበርን። ለየ10 ጫማው አንድ ባለ 6 ፊት ዳይስ ይጣላል፤ ስድስት ዳይስ ማለት በአማካይ 21 ጉዳት ነው። በዚያ ላይ መሬት ላይ ተዘርሮ መቅረት አለ። ከ100 ጫማ ቢሆን አማካዩ 35 ይሆናል። ጠላት አንድ ሰው መትቶ ስድስት ሰው ጣለ። ስለዚህ በተጠራ ፍጡር ከበረራችሁ ጠሪው ከኋላ ይሁን፤ ወይም ከናካቴው ምድር ላይ፣ ግንብ ጥግ ተደብቆ ይቅር። ከጀግንነት ውጭ ምንም አይቀርበትም።

«ፋንተም ስቲድ የጦር ፈረስ ነው»

አይደለም። ዊዛርድ፣ ማለትም ድግምትን በትምህርት የቻለ ድግምተኛ፣ የሚጠራው ይህ ከፊል እውን የሆነ ፈረስ በአንድ ተራ 100 ጫማ ይሄዳል፤ ከተራ ፈረስ በጣም ይፈጥናል። በ2014ቱ ደንብ ግን አንዲት ጉዳት ከነካችው ድግምቱ አለቀ። አስገራሚው ነገር፣ ሲያልቅ ወዲያው አይጠፋም። ቀስ እያለ ይደበዝዛል፤ ጋላቢው እንዲወርድ አንድ ደቂቃ ይሰጠዋል። ከጉጉቶቹ ይልቅ ጨዋ ነው። ለጉዞ እንጂ ለውጊያ ግን አትቁጠሩበት።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች

«መውጣትና መውረድ በነጻ ነው» የሚል አለ። አይደለም። የእንቅስቃሴያችሁን ግማሽ ይወስዳል። 30 ጫማ የሚሄድ ሰው ለመውጣት 15 ይከፍላል፤ በአንድ ተራም አንዴ ብቻ ነው።

«ፈረሱ ሲሸሽ ጠላት እኔን መምታት አይችልም» የሚልም አለ። ተጋላቢው ከጠላት አጠገብ ዝም ብሎ ከሸሸ ጠላት ፈረሱን ወይም ጋላቢውን መርጦ ይመታል። ፈረሱ «ዲስኤንጌጅ» ካደረገ ግን ሁለቱም በሰላም ይወጣሉ። ጋላቢው በራሱ እግር ስላልሄደ ምት አይጠራም።

ፓዝፋይንደር የተባለውን ሌላ ተመሳሳይ ጨዋታ ለምትጫወቱ ደግሞ፦ ይህ ሁሉ እዚያ አይሠራም። በሁለተኛው እትም የተጠራ ፍጡር በያንዳንዱ ተራ ጠሪው ድግምቱን ካላራዘመለት ይጠፋል፤ ካራዘመለትም ሁለት ድርጊት ብቻ ነው ያለው። ጋላቢና ተጋላቢ በተደጋጋሚ ሲመቱ የሚመጣውን ቅናሽም ይጋራሉ።

ወደ ቅዳሜያችን ስመለስ፣ ሁለት ሰው ሞቶብን ነበር፤ ሙት በሚያስነሳ ድግምት ተነሱ። «ፌዘር ፎል» የሚባል የመጀመሪያ ደረጃ ድግምት አለ፤ በቅጽበት እስከ አምስት ሰው ቀስ ብሎ እንዲወርድ ያደርጋል። ዊዛርዳችን ያን ካላዘጋጀ ዳግመኛ ጉጉት ላይ አልወጣም ብዬዋለሁ። እሱ ግን አሁንም «ፋየርቦል (የእሳት ኳስ ድግምት) ይበልጣል» ነው የሚለው።