ሂል ካንትሪ ብሉዝ ምንድን ነው?

ብሉዝ የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ሲነሳ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚመጣለት በአሜሪካ ያለው የሚሲሲፒ ዴልታ ነው፤ ያ ወንዙን ተከትሎ የተንጣለለው የጥጥ ሜዳ። ከሜዳው ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ግን መሬቱ ጉብ ጉብ ማለት ይጀምራል። ኮሞ፣ ሴናቶቢያና ሆሊ ስፕሪንግስ የሚባሉት ትናንሽ ከተሞች ያሉት እዚህ ነው። የእነዚህ ኮረብታዎች ብሉዝ ሂል ካንትሪ ብሉዝ ይባላል።

የተለመደው ብሉዝ በ12 ባር (እኩል ርዝመት ባላቸው የምት ክፍሎች) እየዞረ ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚሰሙ ድምፆችን ስብስብ፣ ይቀያይራል። የኮረብታው ብሉዝ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ኮርድ ላይ ይቀመጥና ያንኑ ምት እየደጋገመ ያስጨፍራል። በአካባቢው በሸምበቆ ዋሽንትና በከበሮ የመጨፈር የቆየ ልማድ አለ፤ ጊታሩም ሲመታ ከበሮውን የሚያስታውስ ነገር አለው።

ይህን ድምፅ ከኮረብታው አውጥቶ ለዓለም ካሰሙት ቀዳሚው ፍሬድ ማክዳወል ነው። ተወልዶ ያደገው ቴነሲ ውስጥ ሮስቪል ሲሆን ኑሮውን የመሠረተው ኮሞ ነው። ቀን ገበሬ ነበር፤ ጊታሩን የሚያነሳው ለጭፈራና ለጎረቤት ነው። ዕድሜው ሃምሳን እስኪያልፍ ድረስ አንድም ቀን አልተቀረጸም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1959 የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢው አለን ሎማክስና እንግሊዛዊቷ ድምፃዊት ሸርሊ ኮሊንስ የአካባቢውን ሰዎች ሲቀርጹ፣ ፍሬድ ጥጥ ሲለቅም ውሎ አመሻሹ ላይ ከነሥራ ልብሱ ጊታሩን ይዞ መጣ። እህቱ ፋኒ ዴቪስ ማበጠሪያ በወረቀት ጠቅልላ በአፏ እየነፋች አጀበችው። ከዚያ ምሽት ቅጂዎች እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን የማበጠሪያ ድምፅ ነው።

ስለ አጨዋወቱ ጥቂት ልበል። ልጅ ሳለ አጎቱ የከብት ጎድን አጥንት ክሩ ላይ እያንሸራተተ ሲጫወት አይቷል። እሱ በሰንጢ ጀመረ፤ በኋላ የጠርሙስ አንገት ጣቱ ላይ ማጥለቅ ያዘ። የጠርሙሱ አንገት ክሩን ሳይደፍቅ ላዩ ላይ ሲንሸራተት ድምፁ ከኖታ ወደ ኖታ አይዘልም፤ ይፈስሳል። ፍሬድ ስንኙን ይጀምርና መጨረሻውን ሳይዘፍን ይተወዋል። የቀረውን ቃል ጊታሩ ይለዋል። ማሲንቆ የአዝማሪውን ድምፅ ሲከተል እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ቀሪው ዕድሜው ፈጣን ነበር፤ በ1965 አውሮፓን ዞረ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ኤሌክትሪክ ጊታር ያዘ፣ የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ሮሊንግ ስቶንስ አንዱን ዘፈኑን በ1971 አልበማቸው ላይ ተጫወቱለት። በ1972 አረፈ። ጎረቤቱ አር ኤል በርንሳይድ ከእሱ የተማረውን አጨዋወት በ1990ዎቹ ለአዲስ ትውልድ አደረሰው።

መቃብሩ ላይ የነበረው ድንጋይ ግን የተጎዳና ስሙ በስህተት የተጻፈበት ነበር። በ1993 ስሙ ተስተካክሎ ምስሉም ያረፈበት ሌላ ድንጋይ ቆመለት። ወጪውን የሸፈነችው ከእሱ የተማረችው ጊታሪስት ቦኒ ሬይት ናት።