የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ንድፍና የነዋሪዎች ድርሻ በአዲስ አበባ ዳርቻ

በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉት የኮንዶሚኒየም መንደሮች፣ ማለትም በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በመሳሰሉት፣ ንድፍ አርክቴክቱ ፕላኑን ፈርሞ ሲያስረክብ የሚያበቃ ሥራ አይደለም። ውኃ፣ ለቅሶ፣ ድግስና ጽዳት በሕንፃዎቹ ዙሪያ እንዴት እንደሚስተናገዱ የሚወስኑት በአብዛኛው ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

የቤቶች ልማት መርሐ ግብሩ በ1996 ዓ.ም. ገደማ በቦሌ ገርጂ በሙከራ ተጀምሮ ሰፊ መሬት ወደሚገኝበት ዳርቻ ተስፋፋ። ወጪን ለመቆጠብ ሲባል አብዛኛዎቹ የ20/80 ሕንፃዎች (ገዢው 20 በመቶውን ቀድሞ የሚከፍልባቸውና ቀሪው በባንክ ብድር የሚሸፈንባቸው) ሊፍት በሌላቸው ጂ+4፣ ማለትም ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ባላቸው፣ ብሎኮች ተሠሩ፤ ቤቶቹም የውስጥ ማጠናቀቂያቸው ለባለዕድለኛው ተትቶ በዕጣ ተላለፉ። በምድር ቤቱ ያሉት ሱቆች ደግሞ በጨረታ ተሸጡ።

ንድፍ አውጪዎቹ ካሰቧቸው ነገሮች ሁሉ ይበልጥ ምስጋና የሚገባው ነዋሪው «ኮሙናል» የሚለው የጋራ መገልገያ ሕንፃ ነው። እንጀራ መጋገር፣ በግ ማረድ፣ ልብስ ማጠብና ድግስ መደገስ በአንድ ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ እንደማይሆኑ ተገንዝበው፣ ለተወሰኑ ብሎኮች አንድ የጋራ ቤት መደቡ። ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ወደየቤቱ በመግባቱና ማን ያጽዳው፣ ማንስ ቁልፉን ይያዝ የሚለው አስቀድሞ ባለመወሰኑ፣ በአንዳንድ መንደሮች ኮሙናሉ የእድር ዕቃ ማከማቻ ወይም ቢሮ ሆኗል።

የንድፉን ጉድለትና የነዋሪውን ብልሃት አብሮ የሚያሳየው ለቅሶ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰው ሲሞት ለቀስተኛውን የሚያስተናግድ ሳሎን ስለማይኖር፣ እድሩ በብሎኮቹ መካከል፣ ብዙ ጊዜም በመኪና ማቆሚያው ላይ፣ ድንኳን ይተክላል፤ አግዳሚ ወንበሮች ይደረደራሉ፤ መኪና ያላቸው ሰዎችም ሳይጠየቁ ቦታ ይለቃሉ። አስከሬኑ በጠባቡ ደረጃ ሲወርድ ተሸካሚዎቹ በየመታጠፊያው ቆም እያሉ አያያዛቸውን ያስተካክላሉ። የደረጃው ስፋት ሲወሰን ይህ አለመታሰቡ ያሳዝናል፤ ለቅሶ ከማንም ቤት የማይቀር ነውና።

ውኃም እንዲሁ ነው። ግፊቱ ላይኛው ፎቅ አልደርስ ሲል የብሎኩ ኮሚቴ ገንዘብ አዋጥቶ ሮቶ (የውኃ ማጠራቀሚያ ታንከር) ያስቀምጣል፣ ፓምፕ ይገጥማል፣ ተራም ያወጣል። ምድር ቤት የሚኖረው ከአራተኛ ፎቁ ጋር እኩል ይክፈል ወይስ አይክፈል የሚለው ክርክር የቴክኒክ ጥያቄ ቢመስልም በስብሰባ የሚፈታ የፍትሕ ጥያቄ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደረጃውን፣ ጣሪያውንና ግቢውን የባለቤቶች የጋራ ንብረት አድርጎ አስተዳደሩን ለባለቤቶች ማኅበር ይሰጣል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ቤቶች የሚከራዩ በመሆናቸው ጄሪካን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣው ሰው በውሳኔው ላይ ድምፅ የሌለው ተከራይ ሆኖ ይገኛል።

ከተከራዩም በላይ ከንድፉ ውጪ የቀሩት መሬቱን ያርሱ የነበሩት ገበሬዎች ናቸው። በየካቲት 2011 ዓ.ም. የኮዬ ፈጬን ቤቶች የሚያካትተው ዕጣ መውጣቱን ተከትሎ በኦሮሚያ የተነሣው ተቃውሞ፣ አንድ መንደር የት ይሠራ የሚለው ውሳኔ ራሱ የንድፉ አካል መሆኑን በግልጽ አሳይቷል፤ ምክክሩ መጀመር የነበረበትም ከዚያ ነበር።

ከፍ ብለው በሚሠሩት የ40/60 ሕንፃዎች (ገዢው 40 በመቶውን ቀድሞ በሚቆጥብባቸው) ላይ ሊፍት ሲገባ ደግሞ ማኅበራቱ ከደረጃ ማጽዳት ያለፈ ኃላፊነት ይወድቅባቸዋል፤ የጥገና ውል መያዝ፣ መብራት ሲጠፋ የጄኔሬተር ነዳጅ መሙላትና ወርኃዊ መዋጮውን ከማይከፍሉት ጭምር መሰብሰብ የእነርሱ ሥራ ይሆናል።