ሜፕልን ከችግኝነቱ ጀምሮ ለቦንሳይ ማሳደግ

ቦንሳይ የዛፍ ዝርያ ስም አይደለም። ተራውን ዛፍ ጥልቀት በሌለው ዕቃ ተክሎ፣ እየገረዙና ቅርጽ እያስያዙ፣ ያረጀ ትልቅ ዛፍ እንዲመስል የማድረግ ጥበብ ነው። ቅጠላቸውን ከሚያረግፉት ዛፎች ሜፕልን የሚያህል ተወዳጅ ጥቂት ነው። በተለይ የጃፓን ሜፕልና ቅጠሉ ሦስት ጣት ያለው ሜፕል ይመረጣሉ።

የጃፓን ሜፕል ዘር ብርድ ሳያገኝ በደንብ አይበቅልም። ስለዚህ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ተደርጎ፣ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነ ፍሪጅ ከ3 እስከ 4 ወር ይቀመጣል።

ችግኙ ሲጠና ዋናው ነገር ሥሩ ነው። በጸደይ፣ ቅጠሉ ከመፈንዳቱ በፊት ይነቀልና ቁልቁል የሚወርደው ሥር ይቆረጣል። የጎን ሥሮቹ በዙሪያው እንደ ጨረር ይዘረጋሉ። ከሥሮቹ በታች ጠፍጣፋ ጣውላ የሚያደርጉም አሉ፤ ሥሩ ወደ ጎን እንጂ ወደ ታች እንዳይሄድ ነው። ከዓመታት በኋላ እነዚህ ሥሮች እርስ በርስ ተጣብቀው ግንዱን ሰፊ እግር ያበጁለታል። ጃፓኖች ይህን ኔባሪ ይሉታል። እኔ የሜፕል ቦንሳይ ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

የጀማሪዎች ትልቁ ስህተት ችግኙን ቶሎ ብሎ ትንሽ ዕቃ ውስጥ መክተት ነው። ግንድ የሚወፍረው ብዙ ቅጠል ሲኖረውና እንደልቡ ሲያድግ ነው። ስለዚህ መሬት ላይ ወይም ትልቅ ዕቃ ውስጥ ይለቀቃል። ሲወፍር ዝቅ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ከቁራጩ የሚወጣ አንድ ቀንበጥም አዲሱ ጫፍ ይሆናል። ይህ ሲደጋገም ግንዱ ከታች ወፍራም፣ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ ይሆናል። ታዲያ ዓመታት ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም።

ሜፕል በየአንጓው ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት ቀንበጦች ያወጣል። ከአንድ ቦታ ብዙ ቅርንጫፍ ከተተወ ግንዱ እዚያ ላይ ያብጣል። ትርፉን ገና ቀጭን ሳለ ማንሳት ነው። ግንዱን ማጠማዘዝ የሚፈልግም በሽቦ የሚጠመዝዘው በዚሁ ዕድሜ ነው። ግን ሽቦውን ቶሎ ቶሎ ይመልከት። የሜፕል ቅርፊት ለስላሳ ስለሆነ ሽቦ የነከሰው ጠባሳ ለረጅም ጊዜ ይታያል።

የአዳዲስ ቀንበጦችን ጫፍ መቀንጠብ፣ በሞቃቱ ወቅት መጀመሪያ ቅጠል ማራገፍ፣ እነዚህ ግንዱ ከደረሰ በኋላ የሚመጡ ሥራዎች ናቸው። ቅርንጫፍን ያቀጥናሉ፣ ቅጠልን ያሳንሳሉ፤ ለልጅ ዛፍ ግን እድገቱን መግታት ነው።